በረዶ ላይ የምንጎትተው ቤት፦ የዓሣ ማጥመጃ ስሌድን ለራስ ማበጀት

[ምስል፦ ገና ጎህ ሲቀድ፣ ሰፊ ነጭ ሜዳ። አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ስሌድ ይጎትታል።]

ጤና ይስጥልኝ ወገኖቼ። ይህ ከፊታችሁ የተዘረጋው ነጭ ሜዳ ሐይቅ ነው። ሚል ላክስ ይባላል፤ በአሜሪካ ሚኒሶታ ግዛት፣ ከሚኒያፖሊስ ከተማ ወደ ሰሜን በመኪና ሁለት ሰዓት ያህል ያስኬዳል። ጥር ላይ ውሃው ረግቶ ሰው ይሄድበታል፣ መኪና ይነዳበታል፤ እኛም በረዶውን ሰርስረን ዋልአይና ፐርች የሚባሉ ዓሦች እናጠምዳለን። ሰውዬው ከኋላው የሚጎትተው ደግሞ የዛሬው ጉዳያችን ነው፤ ታቹ እንደ ገንዳ ያለ የፕላስቲክ ስሌድ፣ ላዩ ተጣጥፎ የተኛ ድንኳን። ቦታው ሲደርስ ስሌዱ ላይ ባለው ወንበር ይቀመጥና ድንኳኑን እንደ ሕፃን ጋሪ ጥላ ከኋላው ስቦ በራሱ ላይ ይደፋዋል። አለቀ፤ ቤት ገባ።

ይህን ዓይነቱን ተገልባጭ ድንኳን ለዓለም ያስለመደው የሚኒሶታው አጥማጅ ዴቭ ጌንዝ ነው፤ ነገሩ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ ነው። ቀደም ሲል ሰው ከእንጨት ጎጆው ውስጥ ቁጭ ብሎ ዓሣው እስኪመጣ ይጠብቅ ነበር። ጌንዝ ጎጆውን ተጎታች አደረገው፤ ዓሣው ካልመጣ ተነስቶ ወደ ዓሣው መሄድ ተቻለ። ስሌዳችሁ ላይ ትራፓኖ ከማንሳታችሁ በፊት ይህን አስቡ። የስሌዱ ሙያ መንቀሳቀስ ነው። የምትጨምሩት ነገር ሁሉ ተነስቶ ከመሄድ የሚያሰንፋችሁ ከሆነ፣ ምንም ያህል ቢያምር ስሌዱን አበላሽቶታል።

ይህን የምለው ስለደረሰብኝ ነው። በመጀመሪያው የብርድ ወቅቴ የማገኘውን ሁሉ ጫንኩበት፤ ትልቅ የጋዝ ሲሊንደር፣ የመኪና ባትሪ፣ ሁለት ወንበር፣ ጠረጴዛ ሳይቀር። ግማሽ ኪሎ ሜትር ሳልጎትት ውስጥ ልብሴ በላብ ራሰ። ቆም ስል ላቡ ቀዘቀዘ፤ ከዚያ በኋላ ቀኑን ሙሉ አልሞቀኝም። ያን ቀን አንድም ጊዜ ቦታ አልቀየርኩም፤ እንዴት ብዬ እንደገና ልጎትተው?

[ምስል፦ ጋራዥ ውስጥ፣ ስሌዱ በጀርባው ተገልብጧል። ካሜራው ወደ ሥሩ ይጠጋል።]

ስለዚህ ከሥር እንጀምራለን። ይህ ጭረት ይታያችኋል? አንድ ወቅት ብቻ የሠራ ስሌድ ነው። ፕላስቲኩ ባዶ በረዶ፣ ጠጠርና አስፋልት ሲበላው ይሳሳል፤ ከሳሳ ደግሞ መጠገኑ አስቸጋሪ ነው፤ ስሌዱ የተሠራበት ፖሊኢትሊን ማጣበቂያ የሚባል ነገር አይቀበልም። ለዚህ መድኃኒቱ ከሥር ጫማ ማልበስ ነው፤ ጠንካራ ከሆነ ፖሊኢትሊን የተቆረጡ ረጃጅም ሐዲዶች፣ ሁለት ወይም ሦስት፣ ከፊት እስከ ኋላ። ባለሙያዎቹ ራነር ይሏቸዋል። በረዶውን የሚነካው ሰፊው ሆድ መሆኑ ቀርቶ እነዚህ ጠባብ ሐዲዶች ይሆናሉ፤ ቀጥ ብሎም ይከተላችኋል፣ ወደ ጎን አይንሸራተትም።

አሠራሩ ላይ አትቸኩሉ። ስሌዱን ሙቀት ያለው ክፍል ውስጥ አሳድሩት፤ የቀዘቀዘ ፕላስቲክ ስትበሱት ሊሰነጠቅ ይችላል። ሐዲዱን ከስሌዱ ጋር በማሰሪያ ጠበቅ አድርጋችሁ ሁለቱን በአንድ ላይ ብሱ። ከዚያ የቀዳዳውን አፍ ከሐዲዱ በኩል ሰፋ አድርጉት፤ የብሎኑ ራስ ከሐዲዱ ገጽ በታች መስመጥ አለበት። ከወጣ በረዶውን እንደ ማረሻ ያርሰዋል። ከውስጥ በኩል ሰፊ ሮንዴላ፣ በላዩ የማይላላ ዳዶ። ከሮንዴላው ሥር ደግሞ የቡቲል ቴፕ፤ ያ ጥቁር፣ የሚለጠጥ፣ ጣት ላይ የሚቀረው። ስታጠብቁት በጠርዙ ትንሽ ተጨምቆ ሲወጣ ካያችሁ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ፕላስቲኩን ይጎዳል።

ቴፑን አትዝለሉት። በረዶው ላይ ስኖው፣ ማለትም ከሰማይ የሚወርደው ለስላሳው በረዶ፣ ሲከማች ክብደቱ በረዶውን ይጫነዋል፣ ውሃ በስንጥቁ ወደ ላይ ይወጣና ከስኖው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ገንፎ ይሆናል። ስሌዳችሁ እዚያ ውስጥ ይቆማል። ያልታሸገ ቀዳዳ ካለው ውሃው ገብቶ ውስጥ ይረጋል፤ ማታ ስትነሱ ከመጣችሁበት ከብዶ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ያለ ቦታ የምታዘወትሩ ከሆነ ከአሮጌ የበረዶ ሸርተቴ እግሮችና ከጣውላ ዝቅ ያለ አልጋ መሥራትም ይቻላል፤ ስሌዱ በላዩ ይቀመጣል፣ ገንፎውንም አይነካውም። እዚህ አገር ስሚቲ ስሌድ ይሉታል።

[ምስል፦ የስሌዱ ውስጥ። እጅ የአሉሚኒየም ዘንግ ጠርዙ ላይ ይለካል።]

አሁን ወደ ውስጥ። የማጥመጃ ዘንግ ማስቀመጫ፣ የጽዋ መያዣ፣ የዓሣ መፈለጊያ ሶናር መቆሚያ የሚሰካበት የአሉሚኒየም ሐዲድ ብዙ ሰው ጠርዙ ላይ ያስራል። ጥሩ ነው፤ ግን እዚህ ላይ ብዙዎች የሚስቱት ነገር አለ። ፕላስቲክ በብርድ ሲኮማተር ከአሉሚኒየም ብዙ እጥፍ ይኮማተራል። 20 ዲግሪ በሚሞቅ ጋራዥ ውስጥ ያሰራችሁት የ1 ሜትር ሐዲድ 20 ዲግሪ ከዜሮ በታች ሲወርድ፣ ከሥሩ ያለው ፕላስቲክ ከእሱ ይበልጥ ወደ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ያህል ያጥራል። ሁሉም ቀዳዳ ብሎኑን ጥብቅ አድርጎ ከያዘው ፕላስቲኩ መሄጃ ያጣል፤ ወይ ይጎብጣል ወይ በብሎኑ ዙሪያ ይቀደዳል። ስለዚህ የመሃሉን ቀዳዳ ብቻ ክብ አድርጉ፤ የቀሩትን በሐዲዱ ርዝመት አቅጣጫ እንደ እንቁላል ሞላላ አድርጓቸው። ብሎኑም ይይዛል፣ ፕላስቲኩም ይተነፍሳል።

መብራት ቀላል ነው። ባለ 12 ቮልት የኤልኢዲ መብራት ጥብጣብ በድንኳኑ ዘንግ ላይ ይጠመጠማል። 6 ዋት የሚበላ ጥብጣብ ግማሽ አምፒር ነው የሚስበው፤ 10 አምፒር ሰዓት ያለው ባትሪ ሌሊቱን ሙሉ ይበቃዋል። ባትሪው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ቢሆን እመርጣለሁ፤ ከእርሳሱ ባትሪ ግማሽ ያህል ነው የሚከብደው። ነገር ግን ከዜሮ ዲግሪ በታች ቀዝቅዞ ሳለ ቻርጅ አይደረግም፤ ቤት አስገብታችሁ ሲሞቅ ሰኩት። ፊውዙ ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ አጠገብ ይሁን።

[ምስል፦ ድንኳኑ ውስጥ፣ ትንሽ የጋዝ ማሞቂያ። ካሜራው ቀስ ብሎ ወደ ላይኛው መተንፈሻ ይነሳል።]

ከዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ ልለምናችሁ። ድንኳን ውስጥ እሳት ከነደደ ካርቦን ሞኖክሳይድ ሊኖር ይችላል፤ አይታይም፣ አይሸትም። እኛ ደግሞ ይህን ነገር በሌላ ስሙ እናውቀዋለን፤ የከሰል ጭስ ገደላቸው ሲባል እየሰማን ነው ያደግነው። እናቶቻችን ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለው ፍም እስኪሆን ጠብቀው ነበር የሚያስገቡት፤ ፍሙም ቢሆን ግን መርዙን ማውጣት አያቆምም። በረዶ ላይ ቡና ልናፈላ ብለን ምድጃ ይዘን ድንኳን ውስጥ አንግባ። ቡናው በፔርሙዝ ይምጣ።

ለሙቀት በጋዝ የሚሠራ፣ ሲወድቅ ራሱን የሚያጠፋና ኦክስጅን ሲያንስ የሚዘጋ ማሞቂያ ተጠቀሙ። ማሞቂያው የሚቀመጥበትን ቦታ ስሌዱ ውስጥ በብረት ሳህን አበጁለት፤ ጨርቁ በነፋስ ተገፍቶ የማይደርስበት ይሁን። የድንኳኑን የላይ መተንፈሻ ክፈቱ፣ ከታችም በሌላው በኩል ጥቂት ክፍተት ተዉ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ ደግሞ ተቀምጣችሁ ራሳችሁ በሚደርስበት ከፍታ ስቀሉ። ክብደት ቀንሱ ስል ቆይቻለሁ፤ ይህን ግን እንዳትቀንሱት። ባትሪ በብርድ ስለሚደክም ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት የማንቂያውን ቁልፍ ተጭናችሁ ድምፁን ስሙ።

[ምስል፦ ስኖውሞቢል፣ በስኖው ላይ የሚነዳ እንደ ሞተር ብስክሌት ያለ ተሽከርካሪ፤ ከኋላው ስሌድ።]

በእጅ ለሚጎትት ሰው ገመዱን በወገብና በትከሻ በሚታሰር ሰፊ ቀበቶ ቀይሩት፤ እጃችሁ ነጻ ይሆናል፣ ወገባችሁም ይተርፋል። ከባዱን ዕቃ ከመሃል ጥቂት ወደ ኋላ ጫኑት፤ አፍንጫው ቀለል ሲል በስኖው ላይ ይወጣል እንጂ አይቀበርም። በስኖውሞቢል የምትጎትቱ ከሆነ ገመድ አይሆንም። ስታቆሙ ስሌዱ አይቆምም፤ ተንሸራቶ መጥቶ ከኋላ ይመታችኋል። ጠንካራ የብረት መጎተቻ ያስፈልጋል፤ የሚታሰርበትም ቦታ ከውስጥ በብረት ሳህን ይደገፍ፣ አለዚያ ፕላስቲኩን ገንጥሎ ይሄዳል።

የበረዶውን ውፍረት ሳትለኩ ደግሞ አንድም እርምጃ አትራመዱ። የሚኒሶታ የተፈጥሮ ሀብት መምሪያ ለእግረኛ ቢያንስ 4 ኢንች፣ ማለትም 10 ሴንቲ ሜትር ያህል፣ ጥርት ያለ አዲስ በረዶ ይላል፤ ለስኖውሞቢል ከ5 እስከ 7 ኢንች። ነጭ በረዶ ከሆነ እጥፍ ያስፈልጋል። በረዶው ቢሰበር ወግታችሁ የምትወጡባቸውን ሹል ብረቶች አንገታችሁ ላይ አንጠልጥሉ፤ ስሌዱ ውስጥ ካስቀመጣችኋቸው ውሃ ውስጥ ስትገቡ አይደረስባቸውም።

ድንኳናችሁ በረዶ ላይ የሚያድር ከሆነ ሕጉ አንጸባራቂ ነገር እንዲለጠፍበት ያዛል፤ የማያድርም ቢሆን ለጥፉ፣ በጨለማ የሚነዳ ሰው አለ። ስሌዱ ከበረዶው ጋር ተጣብቆ እንዳያድርም ከሥሩ ሁለት ጣውላ አስገቡ።

[ምስል፦ የመኖሪያ ቤት ደጅ፣ ስኖው የሸፈነው ሣር። ሰውዬው ሙሉ ጭነቱን ይዞ ስሌዱን ይጎትታል።]

ሁሉም ሲያልቅ ሐይቅ ሳትሄዱ፣ እንዲህ ደጃችሁ ላይ ሙሉ ጭነታችሁን ይዛችሁ አሥር ደቂቃ ጎትቱት። ካላባችሁ አውርዱ፣ እንደገና ጎትቱ።