የዜና ድምፅ እና የእድር ጥሩምባ

መክሊት፦ እሺ፣ ሰላም ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ! የዛሬው ጥያቄ ከአንዲት አድማጫችን ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፣ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አልመጣላትም። አንድ የግል ኮሌጅ የስድስት ወር የኮሙኒኬሽን ሰርተፊኬት ይሰጣል አሉ፣ "ልግባ ወይስ ይቅርብኝ" ነው የምትለው። ቢኒ አንተ ተምረኸዋል፣ ቶሎ መልስላትና...

ቢኒ፦ ቶሎማ አይመለስም ይሄ።

መክሊት፦ አውቄዋለሁ።

ቢኒ፦ ቆይ፣ መጀመሪያ የባለሱቁን ልንገርሽ። ሁለተኛ ወራችን ላይ የዜና ንባብ ጀመርን። ስቱዲዮ የሚሉት አንድ ጠባብ ክፍል ነው፣ ግድግዳው ላይ ብርድ ልብስ ተቸንክሯል፣ ያ ባለነብሩ ብርድ ልብስ አለ አይደል፣ እሱ። ፊት ለፊትሽ ነብር እያየሽ ነው የምታነቢው።

መክሊት፦ (ሳቅ) ነብሩ አድማጭ ነው በቃ።

ቢኒ፦ ከአዲስ ዘመን ጋዜጣ ላይ እየቆረጥን እናነባለን። እና ያ ድምፅ ገባብኝ። የዜና ድምፅ። ደረት ውስጥ የሚጀምረው። ለሦስት ሳምንት አልወጣልኝም። ቤት "እማዬ፣ ሽሮው ደርሷል?" ስል እንኳን መግለጫ ይመስላል። አንድ ማታ ሱቅ ሄድኩ፣ ባለሱቁ ጎንበስ ብሎ ከታች ዕቃ ይፈልጋል። "ጤና ይስጥልኝ፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር እና ሁለት ዳቦ" አልኩ። ሰውየው ቀና ሳይል እጁን ዘርግቶ ሬዲዮውን ቀነሰው።

መክሊት፦ አይ አይ አይ! ውሸትህን ነው!

ቢኒ፦ እናቴ ትሙት። ደግሜ ስጠራው ነው ያየኝ።

መክሊት፦ ከዛሬ ጀምሮ ወሬ ስታበዛ ሬዲዮውን እቀንሰዋለሁ። እሺ፣ ትምህርቱስ?

ቢኒ፦ ትምህርቱ... ጥሩም ነበረው፣ የሚያሳፍርም ነበረው። ክፍላችን ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ከሥሩ በርና መስኮት የሚበይዱ ልጆች አሉ። አንድ ቀን መምህሩ የሻነንና የዊቨርን ሞዴል፣ መልእክት ከሰው ሰው እንዴት እንደሚሄድ የሚያሳየውን፣ ሰሌዳ ላይ ይስላል። ላኪ፣ መልእክት፣ መስመር፣ ተቀባይ። "አሁን እዚህ መሀል የሚገባው..." ሲል ታች ግራይንደሩ ተነሳ። ዚዚዚዚ! ጠመኔውን እንደያዘ ዝም ብሎ ቆመ። እኛም ዝም። ሲያበቃ "ይኸው፣ ጫጫታ ይባላል" አለና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ።

መክሊት፦ ምርጥ መምህር ነው እንዴ!

ቢኒ፦ እሱ ምርጥ ነበር። ኋላ ላይ ሳነብ ደግሞ ሻነን የሂሳብና የኢንጂነሪንግ ሰው ሆኖ አገኘሁት፣ ቤል ላብስ የሚባል የአሜሪካ የስልክ ምርምር ማዕከል ነው የሚሠራው። በፈረንጆቹ 1948 ያንን ሲጽፍ ያሳሰበው መልእክት በመስመር ሳይበላሽ እንዴት እንደሚደርስ እንጂ ባልና ሚስት ለምን እንደማይግባቡ አልነበረም። ለሰው ወሬ የተወሰደው በኋላ ነው። ሌላኛዋ መምህራችን ግን፣ 7፣ 38፣ 55 ብላ ጻፈችልን። ከምንናገረው ቃሉ 7 በመቶ፣ ድምፁ 38፣ ፊትና አካል 55።

መክሊት፦ እሱንማ እኔም አውቀዋለሁ፣ የሥራ ቦታ ስልጠና ላይ ሁሌ ይባላል።

ቢኒ፦ በዚያ አነጋገር ልክ አይደለም እኮ! ሜህራቢያን የሚባል ሰው በፈረንጆቹ 1967 የሠራው ጥናት ነው። ያየው ስሜትን ብቻ ነው፣ ያውም ቃሉና ድምፁ ወይም ድምፁና ፊቱ ሲጣረሱ። "እወድሃለሁ" ብላ ፊቷን ካጠቆረች የቱን ታምናለህ፣ ነገሩ እሱ ነው። ለሁሉም ወሬ ቢሠራማ እኔ የማላውቀውን ቋንቋ 93 በመቶ እሰማው ነበር።

መክሊት፦ የቱርክ ፊልም ያለ ትርጉም ታያለህ ማለት ነው።

ቢኒ፦ በትክክል! ግን ለፈተና ጻፍነው። ጽፌ ሙሉ አገኘሁ።

መክሊት፦ ታዲያ ብር ከፍለህ ስህተት ተማርክ። እኔ የምለው ይሄንን ነው። ዩቲዩብ ላይ በነፃ አለ፣ ከነስህተቱ።

ቢኒ፦ ዩቲዩብ አያርምሽም። እኔን ያረመኝ ሰው አለ። ያ የግራይንደሩ መምህር አንድ ጋዜጣ አንስቶ አንድ ዓረፍተ ነገር እንዳነብ ሰጠኝ። "በወረዳው የሚገኙ፣ ከመስመር ብልሽት ጋር በተያያዘ የመጠጥ ውሃ አቅርቦት ለሦስት ቀናት የተቋረጠባቸው ነዋሪዎች ለችግር መዳረጋቸውን አስታወቁ።" ትንፋሼ አለቀ። "ምን ሆነ?" አለኝ። "ውሃ ጠፋ" አልኩት። "ታዲያ እሱን በልልኛ!" ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ያስቀምጣል። ጋዜጣ ላይ ዓይንሽ ይመለሳል፣ ጆሮ ግን አይመለስም፣ "አስታወቁ" እስኪመጣ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ስለዚህ ለሬዲዮ ትቆርጫለሽ። ውሃ ከጠፋ ሦስት ቀን ሆነ። ነጥብ። መስመሩ ተበላሽቶ ነው። ነጥብ።

መክሊት፦ እሺ ይቺ ገባችኝ። ይቺ ትከፈልባት።

ቢኒ፦ ግን እኔ የዚያን ቀን አልገባኝም! የገባኝ በእድሩ ነው።

መክሊት፦ አሁን ደግሞ እድር መጣ። ሬዲዮውን ቀንሱት እባካችሁ!

ቢኒ፦ ስሚኝ። ሰፈራችን አንድ አባት አረፉ። የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ታሟል። የእድሩ ዳኛ ሌሊት አሥር ተኩል ላይ በራችንን አንኳኩተው "አንተ የተማርከው ይሄን አይደል? ተነስ" አሉኝ። ጥሩምባው እጄ ላይ ገባ። እኔ ደግሞ ምን አደረግሁ፣ ወረቀት አውጥቼ ጻፍኩ።

መክሊት፦ አልጻፍክም!

ቢኒ፦ ግማሽ ገጽ! የመጀመሪያው ቤት በር ላይ ቆምኩ፣ ነፋሁ፣ እሱም እንደ በግ ነው የጮኸው። ከዚያ በዜና ድምፄ፣ "የአካባቢያችን ነዋሪና የእድራችን መሥራች አባል የነበሩት፣ ባደረባቸው ሕመም በሕክምና ሲረዱ ቆይተው..." ቆርቆሮው በር ከውስጥ ሳይከፈት እማማ፣ ነጠላቸውን እየፈለጉ መሰለኝ፣ "ልጄ፣ ሬዲዮውን ዝጋውና ማን እንደሞተ ንገረኝ" አሉኝ።

መክሊት፦ (ረዥም ሳቅ) በስመ አብ!

ቢኒ፦ ስሙን ነገርኳቸው። "ቀብሩ ስንት ሰዓት?" ስድስት ሰዓት። "የት?" ሚካኤል። አለቀ። ወረቀቱን ኪሴ ከተትኩት።

መክሊት፦ እማማ በነፃ አስተማሩህ፣ ኮሌጁ አስከፈለህ። ይኸው መልሱ።

ቢኒ፦ እሳቸው ሰርተፊኬት አልሰጡኝም። ሕዝብ ግንኙነት ቢሮ ስቀጠር የጠየቁኝ ወረቀቱን ነው።

መክሊት፦ ዛሬስ? ማስታወቂያ ላይ ሁሉም ዲግሪ አይደል እንዴ የሚለው? የአክስቴ ልጅ ሁለት ሰርተፊኬት አላት፣ ቤት ነች።

ቢኒ፦ እሱ እውነት ነው። አልከራከርሽም። ግን...

መክሊት፦ ግን ምን?

ቢኒ፦ ግን አልጨረስኩትም! እኔ አራተኛው ቤት ሳልደርስ እማማ ሰፈሩን አዳርሰውታል። አንዷ ለአንዷ በአጥር እየተጠራራች። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ፣ ካትዝና ላዛርስፌልድ የሚባሉ ሰዎች፣ በፈረንጆቹ 1955 ነው መጽሐፋቸው፣ የመገናኛ ብዙኃን ወሬ ሁሉም ጋር ቀጥታ አይደርስም ይላሉ። መጀመሪያ በየሰፈሩ የሚሰማ፣ የሚያነብ፣ ሰው የሚያምነው ሰው ጋር ይደርሳል፣ ከዚያ በሱ በኩል ወደ ሌላው። እኛ ጋ አዋጅ ነጋሪው ምን ነበር የሚለው?

መክሊት፦ "የሰማህ ላልሰማህ አሰማ!"

ቢኒ፦ በቃ! ያው ነው! አንድ ሴሚስተር በአንድ መስመር!

መክሊት፦ እሺ እሺ ተቀመጥ፣ ማይኩን ልትጥለው ነው። ልጅቷ እየጠበቀች ነው፣ ትግባ አትግባ?

ቢኒ፦ ከመክፈሏ በፊት ሄዳ ትይ። ኮሌጁ ለዚያ ትምህርት እውቅና አለው ወይ ትጠይቅ። የስድስት ወሩ አጭር ስልጠናና በሌቨል የሚሰጠው የቴክኒክና ሙያ ትምህርት አንድ አይደለም፣ ሌቨሉ የሲኦሲ፣ የሙያ ብቃት ምዘና ማለት ነው፣ ፈተና አለው፣ ቀጣሪም ለይቶ ነው የሚያየው። ማይክ በእጇ ይገባል ወይስ ሃንድአውት ብቻ ነው? አንድ ክፍለ ጊዜ በነፃ ልቀመጥ ትበል። እምቢ ካሉ...

መክሊት፦ እምቢ ካሉ ትውጣ። እኔ አሁንም ብሩን ይዛ ስልክ ላይ መቅዳት ትጀምር ባይ ነኝ።

ቢኒ፦ ማን ያርማታል?

መክሊት፦ እማማ ጋ እንልካታለን።

ቢኒ፦ (በዜና ድምፅ) አድማጮቻችን፣ የዕለቱ ዝግጅታችን በዚሁ...

መክሊት፦ ቀንሱት! ቀንሱት!