ለሥራችን ጠሪ እናብጅለት

እንደምን አረፈዳችሁ፣ የቡሬና የአካባቢዋ ነዋሪዎች፤ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ። እርሻውንና ገበያውን ትታችሁ ስለመጣችሁ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ዛሬ የምናገረው ስለ መርሳት ነው። በሽታ ስለሆነው አይደለም፤ ጤነኛ ሰው በየቀኑ ስለሚረሳው ነው፦ ክኒኑ፣ የልጁ ክትባት፣ የዕድሩ መዋጮ፣ መንገድ ላይ ብልጭ ብሎ የጠፋው ሐሳብ።

እኛ ጤና ባለሙያዎች "ቀጠሮው ለምን አለፈ?" ብለን ስንጠይቅ መልሱ ብዙ ጊዜ "አእምሮዬ ደክሞ" የሚል ነው። ይህን አልቀበለውም። ጎጃም የታወቁት የአብነት ትምህርት ቤቶች፣ የዋሸራ፣ የጎንጅና የዲማ አገር ነው። 150ውን የዳዊት መዝሙር በቃላቸው የሚደግሙ አባቶች አሉን። እኒሁ አባት ጨው ግዙ ተብለው ወጥተው ጨው ሳይገዙ ከገበያ ሊመለሱ ይችላሉ። አእምሯቸው ደክሞ ነውን? አይደለም። ዳዊቱን ሲደግሙ አንዱ ቃል የሚቀጥለውን ይጠራዋል። ጨውን ግን የሚጠራው የለም። የእህል ዋጋው፣ የዘመድ ሰላምታው፣ የአህያው ጭነት ሁሉም ይጣራሉ፤ ጨው ዝም ብሎ ይቀራል። የሥነ ልቦና ሊቃውንትም ያለፈውን ማስታወስንና ገና የሚሠራውን በሰዓቱ ማስታወስን ለይተው ያጠናሉ። በአንዱ የበረታ በሌላው ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ራሳችንን መውቀሱን ትተን ለሥራችን ጠሪ እናብጅለት።

የቀደሙት ይህን ያውቁበት ነበር። ብድር የሚመለሰው "ለሚካኤል"፣ ጽዋው የሚጠጣው "ለማርያም" ነው። 12 እና 21 በየወሩ ሳይቀሩ ይመጣሉ፤ ቀኑ ራሱ ሰውን ይቀሰቅሳል።

አሁን ብዙዎቻችን ስልክ ይዘናል። ጥሩ ጠሪ ነው፤ ግን የሚቆጥረው እንደኛ አይደለም፣ ችግር የሚፈጠረውም እዚህ ላይ ነው። ክኒኑ ከምሽቱ 2 ሰዓት የሚዋጥ ሰው ስልኩ ላይ 2 ብሎ ቢሞላ፣ ደወሉ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ጮሆ ቤተሰቡን ሁሉ ይቀሰቅሳል። በማግስቱ ተናዶ ያጠፋዋል፣ ክኒኑም ይቀራል። መሞላት ያለበት 20:00 ነው። ወሩም እንዲሁ ነው። መስከረም 21 ቀን የማርያም ጽዋ ብላችሁ "በየወሩ" የሚለውን ብትመርጡ፣ ስልኩ በፈረንጅ ወር ስለሚቆጥር የሚቀጥለው የሚጮኸው ጥቅምት 22፣ ማርያም ካለፈች በኋላ ነው። የኛ ወር 30 ቀን ስለሆነ በየ30 ቀኑ እንዲደውል አድርጉት፤ ጳጉሜን ስትመጣ ግን እንደገና ይስተካከል። በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር የተሠራ መተግበሪያ ያለው ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ ይድናል።

ሌላም አለ። ማሳ መሃል ቆማችሁ ደወሉ ቢጮህ ክኒኑ ቤት ነው፤ ታጠፉታላችሁ፣ ትረሱታላችሁም። ጠሪው እጃችሁ ሥራውን ሊሠራ በሚችልበት ቦታና ሰዓት ይገኝ። ጧት ጧት ቡና በሚፈላበት ቤት የደም ግፊት ክኒኑ ከቡናው ዕቃ አጠገብ፣ ልጅ በማይደርስበት ከፍታ ይቀመጥ። "አቦል ሲቀዳ እውጣለሁ" ብሎ የወሰነ ሰው፣ "ዛሬስ አልረሳም" ብሎ ከሚምለው ይሻላል።

ሰው ለሰው ጠሪ ሲሆን ደግሞ ከሁሉ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እ.ኤ.አ. በ2010 የታተመ የኬንያ ጥናት 538 የኤች አይ ቪ መድኃኒት የጀመሩ ሰዎችን ተከታትሏል። ለግማሾቹ ከጤና ተቋሙ በሳምንት አንድ ጊዜ አጭር መልእክት ይላክላቸው ነበር፤ መልእክቱም "እንዴት ናችሁ?" ብቻ ነበር፣ ስለ መድኃኒት አንድም ቃል የለበትም። መድኃኒታችንን በአግባቡ ወስደናል ያሉት መልእክት ከደረሳቸው ከ100 ሰው 62፣ ካልደረሳቸው 50 ነበሩ። ጎረቤት ለጎረቤት እንዲህ ማድረግ ምን ያቅተዋል?

ስለ ሐሳብም ልናገር። "በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል" እንላለን፤ ስንጽፍ ግን እንሰስታለን። "ስለ ኩሬው" ብሎ የጻፈ ሰው ከሳምንት በኋላ ምን ማለቱ እንደነበር አያውቅም። "ከኩሬው እስከ ጓሮው ቦይ ብቀድ ጎመኑ ለበጋ ይደርስልኛል" ብሎ የጻፈ ግን ዶማውን ያነሳል። መጻፍ የማይችል ድምፁን ስልኩ ላይ ይቅዳ፣ ወይም ለልጁ ይንገር።

አሁን ወደ ተግባሩ እንሂድ። የኩፍኝ ክትባት በ9 ወርና በ15 ወር ነው። በ15ኛው ወር ልጁ ሮጦ እየተጫወተ፣ ጤነኛ ሆኖ ስለምናየው ክትባቱን የሚጠራልን ነገር የለም። የክትባት ካርድ የያዛችሁ እናቶች፣ በቀኝ በኩል ወደተቀመጡት እህቶች ቅረቡ፤ ቀኑን አስልተው ስልካችሁ ላይ ይሞሉላችኋል። ስልክ የሌላችሁ ደግሞ ሊያስታውሳችሁ ፈቃደኛ ከሆነ ጎረቤት ጋር አብራችሁ ኑ፤ ቀኑን በእሱ ስልክ ላይ እንሞላለን።