«ሁሉንም ኖ በለው»

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ፎርም ነው።

ከአየር ጤና በካራ ቆሬ አድርጋችሁ ወደ ዓለም ገና ስትወጡ፣ መንገድ ዳር ካሉት ፎቶ ኮፒ ቤቶች በር ላይ «የቪዛ ፎርም እንሞላለን» የሚል ጽሑፍ ታያላችሁ። ዲኤስ 160 የሚባለው፣ ለጉብኝት፣ ለትምህርትና ለመሳሰለው ጊዜያዊ ጉዞ የሚሞላው የአሜሪካ ቪዛ ፎርም አብዛኛውን ጊዜ የሚሞላው እዚያ ነው። ስም፣ ፓስፖርት፣ አድራሻ እየተጠየቀ ይገባል። የደኅንነት ጥያቄዎቹ ላይ ሲደረስ ግን ፎርሙን የሚሞላው የፎቶ ኮፒ ቤቱ ልጅ ቀና ብሎ፣ «አባባ፣ ይሄ ምንም አይደለም፣ ሁሉንም ኖ ነው የምንለው» ይላል። አባባም «እንግዲህ አንተ ታውቃለህ ልጄ» ይላሉ። አምስት ገጽ የሚሞሉ ጥያቄዎች በሁለት ደቂቃ አለቁ ማለት ነው።

ልጁ ክፉ አይደለም። ፎርሙ 20 ደቂቃ ካልተነካ ይዘጋል፣ መብራትም ይሄዳል፣ ወረፋም አለ። ስለዚህ መጀመሪያ ላይ የሚመጣውን የማመልከቻ ቁጥር በወረቀት ጻፉ። በእሱ፣ በአያት ስም የመጀመሪያዎቹ 5 ፊደላት፣ በትውልድ ዓመትና በምስጢር ጥያቄው መልስ ካቆማችሁበት ትቀጥላላችሁ። አትቸኩሉ።

ምን እንደሚጠይቅ እንይ። ጎሳ አለህ ወይ ይላል። የማንኛውም የሙያ፣ የማኅበራዊ ወይም የበጎ አድራጎት ድርጅት አባል ነበርክ፣ ገንዘብስ አዋጥተሃል ወይ ይላል። ወታደር ነበርክ? በታጣቂ ቡድን፣ በሽምቅ ተዋጊ፣ በአማፂ ውስጥ ተሳትፈሃል? እያለ ይሄዳል። በብሔሩና በፓርቲው ምክንያት መከራ ላየ ሰው ይህን መጠየቅ ቀላል ነገር አይደለም፤ ብዙ ሰው በደመ ነፍስ መደበቅ የሚፈልገውም ለዚህ ይመስለኛል። ነገር ግን ብሔር መጻፍ በራሱ ቪዛ አያስከለክልም። እድርም፣ የጽዋ ማኅበርም፣ የሙያ ማኅበርም ስማቸው ቢጻፍ ጉዳት የለውም። የቀበሌ ሚሊሻ የነበረ ሰው ግን «ኖ» ብሎ ቢያልፍ፣ በኋላም የድሮ የሥራ ልምድ ማስረጃው ሌላ ቢናገር፣ ጉዳዩ ከሚሊሻነት አልፎ የሐሰት ቃል ይሆናል። በአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ ለውሳኔው ወሳኝ በሆነ ነገር ላይ እያወቀ የዋሸ ሰው ዕድሜ ልኩን ይታገዳል።

እዚህ ላይ በተለይ በቋሚነት መጥተው እንዲኖሩ ልጆቻቸው ጥሪ ለላኩላቸው ወላጆች የምለው አለኝ፤ የእነሱ ፎርም ዲኤስ 260 ነው። በእምነትና በፓርቲ መከልከል በአሜሪካ የቆየ ነገር ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1952ቱ ሕግ ነው ያጠናከረው። በ1990 አብዛኛው ሲነሳ አንዱ ቀረ፦ በቋሚነት ለመኖር የሚገባ ሰው የኮሚኒስት ወይም የሌላ ፍጹም አምባገነን ፓርቲ አባል ከነበረ ይጠየቃል። ለጉብኝት ለሚሄድ ይህ ክልከላ አይሠራም። የኢሠፓ፣ የደርግ ዘመኑ ገዢ ፓርቲ፣ ደብተር የነበራቸው አባቶች «ተነካን» ብለው ይደነግጣሉ። ሕጉ ግን በሮች አሉት። ከ16 ዓመት በታች ሆኖ የገባ፣ ተገዶ የገባ፣ ሥራ ወይም ራሽን ለማግኘት ሲል የገባ አይከለከልም። አባልነቱ ካበቃ 2 ዓመት፣ ፓርቲው በማመልከቻው ጊዜ አገሩን በአምባገነንነት የሚገዛ ከሆነ ደግሞ 5 ዓመት ካለፈው፣ ለደኅንነትም ስጋት ካልሆነ ያልፋል። ደርግ ከወደቀ ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኗል! «የስ» ብሎ፣ መቼ እንደገቡ፣ ለምን እንደገቡ፣ መቼ እንዳበቃ በአንድ ገጽ መጻፍ ነው። ዓመቱን ደግሞ ወደ ፈረንጅ ቀይሩት። «1977 ገባሁ» ብሎ እንዳለ ማስገባት፣ ፓርቲው ከመመሥረቱ 7 ዓመት በፊት አባል ነበርኩ ማለት ነው።

ከዚህ የሚከብደው ለታጣቂዎች የተሰጠ «ድጋፍ» የሚባለው ነው። ሕጉ አሸባሪ ድርጅት ሲል በስም የተመዘገቡትን ብቻ ማለቱ አይደለም፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎች ሆነው መሣሪያ ያነሱ ሁሉ ሊገቡበት ይችላሉ። ድጋፍ ማለት ደግሞ ገንዘብ፣ ማሳደሪያ፣ መጓጓዣ ነው፣ ምግብም ሊቆጠር ይችላል። ጫካ ያለ ታጣቂ በር አንኳክቶ እንጀራ የወሰደበት ገበሬ እንኳ ይጠየቃል። መገደዱ በራሱ ነጻ አያወጣውም፣ የተለየ ፈቃድ ይጠይቃል። ይህ በእኔ እምነት ፍትሕ የጎደለው ነገር ነው። እንዲህ ያለ ታሪክ ያለው ሰው ፎቶ ኮፒ ቤት አይሂድ፣ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ያማክር።

ሶሻል ሚዲያው፦ ከ2019 ሜይ መጨረሻ ጀምሮ ያለፉት 5 ዓመታት የአካውንት ስሞች በግዴታ ይጠየቃሉ። ፓስወርድ አይጠየቅም፣ የሚጠይቃችሁ ካለ ሌባ ነው። የተረሳው፣ በቅጽል ስም የተከፈተው ፌስቡክም ይጻፋል። ከ2025 ጁን ወዲህ ደግሞ ለትምህርትና ለልምድ ልውውጥ የሚያመለክቱ አካውንታቸውን ለሁሉም ክፍት እንዲያደርጉ ታዘዋል። ተማሪዎች ከኢንተርቪው በፊት ሁሉንም ሲያጠፉ እሰማለሁ። እኔ አልመክርም፤ የጻፉት ስም ተፈልጎ ባዶ ሲገኝ የሚያስነሳው ጥያቄ ከድሮ ፖስት ይብሳል።

ከኢንተርቪው በኋላ በኢሜይል ዲኤስ 5535 የሚባል ተጨማሪ መጠይቅ ሊመጣ ይችላል። የ15 ዓመት አድራሻ፣ ሥራና ጉዞ፣ የጉዞውን ወጪ ማን እንደከፈለ ጭምር ይጠይቃል። ስለዚህ የሞላችሁትን ሁሉ ኮፒ ያዙ፣ ሁለቱ መግጠም አለባቸው። በአንድ ዓመት ውስጥ ካልመለሳችሁ ጉዳዩ ይዘጋል።

ዲኤስ 160 መጨረሻ ላይ ፎርሙን ስትሞሉ ማን እንደረዳችሁ ይጠየቃል። የሞላላችሁን ልጅ ስም ጻፉ። ፈርሞ የመላኪያዋን ቁልፍ ግን ራሳችሁ ተጫኑ፣ ሕጉም የሚለው ይህንኑ ነው። ከዚያ በፊት ገጾቹን አትሙና ቤት ወስዳችሁ ከሚያነብላችሁ ሰው ጋር አንብቡ።

ስህተት ካለስ? ቀኑ ሳይደርስ አዲስ ፎርም ሞልቶ የቀጠሮውን የማረጋገጫ ቁጥር መቀየር ይቻላል። ቀኑ ከደረሰም መስኮቱ ላይ ቆማችሁ ሳትጠየቁ በፊት «እዚህ ጋ ተሳስቷል፣ ትክክለኛው ይህ ነው» በሉ። በጊዜው፣ በራስ ፈቃድ የታረመ ቃል እንደ ውሸት አይቆጠርም። ተይዞ ማረም ግን አይጠቅምም።