ወገሉን ጥቁር ቀባሁት

እሺ፣ እየቀዳ ነው። ቀዩዋ መብራት በርታለች። ድምፄ የሚንቀጠቀጥ ከመሰላችሁ ውርጩ ነው፤ ደብረ ብርሃን ነው፣ ኅዳር ነው፣ ሌላ ማብራሪያ የለኝም። ማሞቂያው? አልተገዛም። ብሩ የት እንደገባ፣ በቁራሌ ብረት የሞላሁትን ሦስተኛውን ካርቶን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ቁራሌው ራሱ አሁን አሁን «ቁራሊዮ» ብሎ አይጮህም፤ አንኳኩቶ ነው የሚገባው።

እንግዲህ የቁራሌ ብረት እያዛግን ጌጥ ሰሌዳ ላይ የምንለጥፍ ሰዎች ነን፤ ዛሬ ቀጠሯችን የመዳብ ነበር። አረንጓዴውን ዝገት እንዴት እንደምናወጣ ላሳያችሁ ቃል ገብቼ ነበር። አልሆነልኝም። ባጭሩ ግን፣ ከመብራት ገመድ የተላጠ መዳብ ትወስዳላችሁ፤ ክዳን ያለው የፕላስቲክ ዕቃ፤ ከሥሩ አቼቶና ጨው የጠጣ ጨርቅ፤ መዳቡ ጨርቁን ሳይነካ ከላይ ይንጠለጠላል፤ አንድ ሁለት ቀን ተከድኖ ይቆያል። ሥራውን የሚሠራው እንፋሎቱ ነው። በቃ፣ የመዳብ ክፍል አለቀ።

ከሰኞ ጀምሮ ጭንቅላቴ ውስጥ ያለው ወገሉ ነው። ጥቁር ቀባሁት።

አውቃለሁ። አውቃለሁ፣ እየጮኻችሁ ነው።

ወገል የማታውቁ የአስፋልት ልጆች ካላችሁ፣ ማረሻውንና ድግሩን፣ ማለትም ግራና ቀኝ ያለውን እንጨት፣ አንድ ላይ አንቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው። ይኼኛው ከመንዝ በኩል የመጣ ነው። ውጭው ሙሉ በሙሉ ዝጓል፣ ጥቁር ቡናማ፣ የቆዳ መልክ ይዟል። ውስጡ ግን፣ ከእንጨቱ ጋር ሲፋተግ የኖረበት ጎን፣ አንድ ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ፣ ነጥቶ ያበራል። ያንን ማንም ቀለም አያመጣውም። ያ የብዙ ዓመት እርሻ ነው።

ቆይ፣ ከሰሌዳው ልጀምር፣ አለዚያ ነገሩ አይገባም።

ሰሌዳው 30 በ40 ሴንቲ ሜትር ነው፣ ባለ 9 ሚሊ ኮምፔንሳቶ፣ ስስ እንጨት ተደራርቦ የተጣበቀው። ችፑድ አትጠቀሙ፤ ጠርዙ ውሃ ሲነካው እንደ ዳቦ ያብጣል። አንድ እጅ ኮላ በሁለት እጅ ውሃ አቅጥኖ ፊቱንም ጀርባውንም ጠርዙንም መቀባት። ጀርባውን ያልቀባ ሰው በሦስተኛው ቀን ሰሌዳው ተቆልምሞ ያገኘዋል፣ ምክንያቱም አንዱ ፊት ብቻ እርጥበት ጠጥቶ ሲደርቅ እንጨቱን ወደ ራሱ ይጎትታል። ከዚያ የካርቶን ልጣጭ፣ ያ የላይኛው ወረቀት ተገንጥሎ ሽንትሩ የወጣው፤ ከዚያ ክሩ የተበተነ የጆንያ ቁራጭ፤ ከላይ ስቱኮ። ስቱኮው ውስጥ ከአምስት እጅ አንድ እጅ ኮላ ካልገባ ይሰነጠቅና ቅርፊቱ ይረግፋል። ስንጥቅ እንፈልጋለን፣ ርግፍ አንፈልግም። በአንድ ጊዜ ከ3 ሚሊ በላይ አትጫኑ። የቡና አተላ የምትጨምሩ ደግሞ በፀሐይ ክው አድርጋችሁ አድርቁት፤ ባለፈው አንዷ አድማጫችን ሰሌዳዋ ሻግቶ ፎቶ ልካልኝ ነበር። ያምር ነበር እኮ! ግን ሻጋታ ነው።

ብረቶቹ አሥራ አንድ ናቸው። አራት ሮንዴላ (ብሎን ሥር የሚገባው ቀዳዳ ያለው ክብ ብረት)፣ ሁለት ዳዶ (ብሎኑ ላይ የሚጠብቀው)፣ የታጠፈ ምስማር፣ የላሜራ ቁራጭ፣ በድንጋይ የተደፈጠጠ ቆርኪ፣ የተሰበረ ማጭድ ጫፍ፣ ወገሉ። መጀመሪያ ማግኔት። የያዘው ብረት ነው፣ ያልያዘው አልሙኒየም ወይም ነሐስ፤ እሱን ለማዛግ አትድከሙ። ግን ማግኔት ይዞት የማይዝግም አለ፣ ዚንክ የለበሰው። የጣሪያ ቆርቆሮ፣ አዲስ ሮንዴላ። እነሱን ሌሊቱን አቼቶ ውስጥ ማሳደር ነው፤ አረፋ እያወጣ ይቆያል፣ አረፋው ሲያበቃ ዚንኩ አልቋል። ከሰል ላይ ጥዶ ማቃጠል የሚቀላችሁ፣ እባካችሁ። የዚንክ ጭስ ማታ እንደ ወባ ያንቀጠቅጣል። ቆርኪውን ግን፣ ዚንክ ስለሌለው፣ የውስጡን ፕላስቲክ አውጥታችሁ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጉት።

ከዚያ ማዛጊያው። ከፋርማሲ የምትገዙት ባለ 3 ፐርሰንት ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ 480 ሚሊ ሊትር፣ አቼቶ 60፣ ጨው ግማሽ የሾርባ ማንኪያ። መርጫ ዕቃ ውስጥ። ብረቱ በኦሞ ታጥቦ ዘይቱ የለቀቀ መሆን አለበት፤ ጣታችሁ ያረፈበት ቦታ ሳይዝግ አሻራችሁን አሳትሞ ይቀራል። ትረጫላችሁ፣ ይፈላል፣ ዓይናችሁ እያየ ብርቱካናማ ይሆናል። ሲደርቅ እንደገና፣ አራት አምስት ጊዜ። መስኮት ክፈቱ፣ የተረፈውን ክዳን ጠርቅማችሁ አታስቀምጡ፣ ጋዝ ያወጣል። በረኪና ደግሞ አጠገቡ አይድረስ። አቼቶ ከበረኪና ጋር መርዝ ነው፣ ክሎሪን።

በነገራችን ላይ፣ የማድ ቤት ጣሪያ ለምን ከሳሎኑ ቀድሞ እንደሚዝግ አስባችሁ ታውቃላችሁ? የእንጨት ጭስ ውስጥ አሴቲክ አሲድ አለ። አቼቶው ውስጥ ያለው ያው ራሱ። ጭሱ ከቀዝቃዛው ቆርቆሮ ጋር ሲገናኝ ጠል ሆኖ ይንጠባጠባል፤ እኛ ለግማሽ ቀን በመርጫ የምንሠራውን እናቶቻችን ወጥ እየሠሩ ሳያስቡት ይሠሩታል። እና ሰው ሁሉ ጣሪያውን ከዝገት ለማዳን ቀለም ሲገዛ እኔ... እሺ፣ እማማ ይኼን ሳትሰማ አትቀርም። «ደህናውን ብረት አበላሽቶ ደግሞ መልሶ ቀለም ይገዛል!» በሷ ድምፅ ስሙት።

እና የት ነበርኩ። ሰኞ።

ሰኞ ማታ ሁሉም ብረት ተጣብቋል። መብራት ጠፍቷል። አንድ ሻማ ጠረጴዛው ላይ፣ በግራዬ። አሠራሩን ታውቃላችሁ፦ ሁሉም ነገር፣ ብረቱም ካርቶኑም ጆንያውም፣ አንድ ወጥ ጥቁር አክሬሊክ ይለብሳል። ለምን? ጥቁሩ ካልገባ አሥራ አንዱ ብረት አሥራ አንድ የቁራሌ ዕቃ ነው። ሲገባ አንድ ዕቃ ይሆናል፤ ከአንድ ማሽን ተገንጥሎ የወጣ ይመስላል። ከዚያ በላዩ ዝገቱን በቀለም ትመልሳላችሁ። መጀመሪያ ጥቁር ቡናማ በስፖንጅ፣ ከዚያ የሸክላ ቀይ፣ ብርቱካናማው መጨረሻ ላይ፣ ትንሽ፣ ውሃ ይተኛበት ነበር በምትሉት ጥግ ብቻ። ብርቱካናማ ያበዛ ሰው በርበሬ የተነሰነሰበት ሰሌዳ ነው የሚያገኘው። ጠርዝ ጠርዙን በ6ቢ እርሳስ ስታሹት የብረት ነጸብራቅ ይመጣል።

ይኼን መቶ ጊዜ አስተምሬያለሁ። እና ብሩሹ ወገሉ ጋ ደረሰ።

ብሩሹ ባለ ሁለት ኢንች ነው፣ ቀለም ጠግቧል። የውጩን አለፍኩት፣ ምንም አልተሰማኝም። ውስጡ ጋ ስደርስ፣ ያ የነጣው ጎን የሻማውን ብርሃን ያዘ። ብልጭ አለ። እጄ ቆመ። እርግጠኛ ነኝ ቆሟል፣ ምክንያቱም ከብሩሹ ጫፍ ጠብታ ወርዳ ስቱኮው ላይ አርፋለች፣ አሁንም አለች፣ ይኸውና። እንግዲህ ስሙኝ፤ በዚያች ሰዓት ማድረግ የነበረብኝ ሻማውን አንስቶ ቀዝቃዛውን ግርጌ ያን ቦታ ላይ ማሸት ብቻ ነው። ሰም የተቀባ ቦታ ላይ አክሬሊክ አይይዝም፤ ሲደርቅ በጨርቅ ፈተግ ስታደርጉት ይላጣል። ቫዝሊንም ያው ነው። ይኼን የማላውቅ ሰው ብሆን እሺ። ክፍል አራትን ያደመጣችሁ ታውቃላችሁ፣ ሙሉውን ስለ ሰም ነው ያወራሁት! ሻማው ክንዴ ሥር ነበር። ሙቀቱ ይሰማኝ ነበር።

ቀባሁት።

ለምን እንደቀባሁት... ሻማውን ካነሳሁት ይጨልምብኛል ብዬ ይሆናል። ወይ ደግሞ እጅ የለመደውን ነው የሚሠራው። ወይ ደግሞ... አላውቅም፣ አንዱ ብቻ ቢያበራ ሌሎቹ አሥሩ ውሸታቸው ይታይባቸው ነበር። ሮንዴላዎቹ ዝገታቸው የሁለት ቀን ነው። አንዱ እውነተኛ መሐላቸው ሲገባ፣ ሠርግ ቤት በሥራ ልብሱ እንደመጣ ገበሬ ነው የሚሆነው። ወይም ተገላቢጦሹ፣ እሱ ነው የለበሰው፣ እኛ ነን የተከራየነው።

ታዝባችሁ ይሆን፣ ሰሌዳው ላይ ያለው ነገር አብዛኛው ስሙ የጣሊያን ነው። ኮምፔንሳቶ፣ ስቱኮ፣ ላሜራ፣ ሮንዴላ። የሠራሁበት ፒንሳ፣ ካቻቪቴ፣ ትራፓኖ። አቼቶው ሳይቀር። ጣሊያኖቹ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ነበሩ፣ የጣርማበርን ተራራ ቀደው መንገድ አወጡ፣ ሄዱ፤ ቃሉ ጋራዥና አናጢ ቤት ቀረ። ምስማሩን ካልቆጠርን የአገር ስም ያላቸው ማጭዱና ወገሉ ናቸው። ይኼ ከምንም ጋር አይገናኝም። ሌሊት ሲሆን እንዲህ ነው የማስበው።

ማጭዱን ግን አልቀባሁትም። ይኼን አልነገርኳችሁም። በወገሉ ተናድጄ ማጭዱን ተውኩት፣ ከነዝገቱ፣ ከነሥሩ ነጭ ስቱኮ። ማክሰኞ ጠዋት ከጫፉ ሥር ቡናማ እንባ ወርዷል፣ አራት ሴንቲ የሚያህል። ስቱኮው ውሃ አለው፣ ኮላውም ውሃ አለው፤ ውሃው ሲደርቅ የብረቱን ጨው ይዞ ወደ ላይ ይወጣል። በነጭ ብትደርቡበት በማግስቱ እንደገና ይወጣል። ሦስት ጊዜ ብትደርቡ ሦስት ጊዜ። መድኃኒቱ ብረቱን ከማጣበቅ በፊት ነው፦ ከማዛጊያው በኋላ በውሃና በቢካርቦኔት ሶዳ ማጠብ፣ ምክንያቱም የቀረው ጨው ዝገቱን አያስቆመውም፤ አድርቆ በዘይት ቫርኒሽ ሁለት እጅ መቀባት፤ በውሃ የሚሟሟውን ቫርኒሽ አይደለም፣ እሱ ራሱ ውሃ ነው። ማጭዱ ግን ገበያ ላይ እንደነበረ ነው የገባው። እና... ያ እንባ ከሰሌዳው ሁሉ የሚያምረው ቦታ ነው። በእጄ አልሠራሁትም። ለዚህ ነው የሚያናድደው።

ረቡዕ፣ እሺ ልናዘዝ፣ ረቡዕ አልኮል ይዤ ወገሉ ላይ ተመለስኩ። የእጅ ሳኒታይዘርም ይሠራል፣ አክሬሊክን ያለሰልሳል፣ በተለይ ቀናት ካላለፉት። በጥጥ። ልሙጡ ጎን ለቀቀ፣ ነጣ፣ አበራ። ግን ጥቁሩ ከቀዳዳዎቹ አልወጣም፤ ዓይን የማያያቸው ጭረቶች ውስጥ ቀርቷል። እያንዳንዱ ጭረት አሁን ተስሎ ይታያል። ይበልጥ አርጅቷል! ከነበረው ይበልጥ ያረጀ ነው የሚመስለው። ደስ ማለት ነበረበት መሰለኝ። አይቼው ደስ አለኝ ደግሞ፣ አንድ አምስት ደቂቃ። ከዚያ ያ መልክ የማን ነው የሚለው... ተዉት።

ማጣበቂያ ስንት ሰው ጠይቆኛል፣ እሱን ልመልስ። ሱፐር ግሉ አይሆንም፤ ክፍተት አይሞላም፣ ተሰባሪ ነው፣ ዙሪያውን ነጭ ጉም ይተዋል። ሲሊኮን አይሆንም፤ ቀለም አይይዝም፣ ያ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ብረቱን ይበላል። ከባዱን፣ ወገልን የመሰለውን፣ በትራፓኖ ሁለት ቀዳዳ በስታችሁ በሽቦ እሠሩት፣ ጀርባ ላይ በፒንሳ ጠምዝዙት። እንጨት በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይኮማተራል፤ ብረቱ አብሮት አይሄድም፣ ደረቅ ማጣበቂያ መሐል ላይ ይለያያል። መካከለኛውን በኤፖክሲ፣ ሁለቱ እኩል እኩል። ቀላሉን በኮላ። ግን ኮላ ብርድ ይጠላል። ከ10 ዲግሪ በታች ሲደርቅ ጥርት ብሎ አይደርቅም፤ እንደ ኖራ ነጭ ይሆናል፣ የያዘ ይመስላል፣ አልያዘም። እኛ ደግሞ 2840 ሜትር ላይ ነን፣ ውጭ ሌሊት ሣሩ ነጭ ሆኖ ያድራል። ቀን ሥሩ፣ ከ5 ሰዓት እስከ 9፣ ፀሐይ በሚገባበት መስኮት፣ ማታ ብርድ ልብስ አልብሱት። እኔ ሮንዴላዎቹን ያጣበቅኳቸው... ሰኞ ማታ ነው። አዎ። በኮላ።

ስለ ወገሉ አንድ ሐሳብ ልጨምር። ፈትቼ ላወጣው እችላለሁ፣ በሽቦ ስለሆነ። ሌላ ሰሌዳ ላይ ብቻውን፣ ምንም ሳልቀባ። ግን አሁን ከማጭዱ እንባ አጠገብ ለምዶታል፣ እንባው ወደሱ እያጋደለ ነው የሚወርደው፤ ዛሬ ስድስት ሴንቲ ደርሷል፣ ነገ ይነካዋል። ሲነካው በቫርኒሽ ላስቁመው ወይስ ልተወው፣ እስካሁን...

ሰማችሁት? ሰማችሁት አይደል። ቀጭ ያለው።

ሮንዴላ ነው። ቆይ ላንሳው... ሥሩ ነጭ ነው። ኖራ። በ... ሌላኛውም እየ...