ፊቱን ወደ ማስኩ አንሺው

የተከበራችሁ የመድረክ እንግዶች፣ የሥልጠናው አስተባባሪዎች፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ከአዳር ሥራ ወጥታችሁ ሳትተኙ የመጣችሁ ኢንሮልድ ነርስ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንኳን ለዚህ ቀን አበቃችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ ከስሜ ጎን «የኦንላይን ሥልጠና ጥቅሞች» ተብሎ ተጽፏል። አሥር ደቂቃ ተሰጥቶኛል። ጥቅሞቹን ቶሎ እጨርሳቸዋለሁ። በቀረው ጊዜ ግን ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለ፣ እሱን አወጣለሁ። ከአዳራሹ ጀርባ ወለሉ ላይ አንሶላ ለብሰው የተኙትን ሁለቱን አሁን አትዩአቸው። ተራቸው ይደርሳል።

እሺ፣ ጥቅም። ኦንላይን ባይኖር ከእናንተ ግማሹ ይህን የድንገተኛ ሕክምና ኮርስ አያገኘውም ነበር። ተረኛ የሆነች ነርስ ዋርዷን ጥላ አትሄድም። ከማሠልጠኛው ሩቅ ያለች ደግሞ እስክትጠራ ዓመታት ትጠብቃለች። አሁን ግን ትምህርቱ ስልኳ ድረስ መጣ። ያልገባትን መልሳ ታያለች፣ ማንም «አሁንም አልገባሽም?» አይላትም። ቅደም ተከተሉም እንደ ፊደል ቁጭ ይላል። የአየር መተላለፊያው ክፍት ነው? ይተነፍሳል? ደም እየተዘዋወረ ነው? ንቃቱ እንዴት ነው? ከዚያ ልብሱን ገልጦ መላ ሰውነቱን ማየት። ይህን አምስት ጥያቄ ከእንቅልፋችሁ ቀስቅሼ ብጠይቃችሁ ትመልሱልኛላችሁ። የአዋቂ ሰው ትንፋሽ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 መሆኑን፣ በትሪያጅ፣ ማለትም ታካሚን እንደ አጣዳፊነቱ ስንለይ፣ ቀይ ማን እንደሆነ፣ ቢጫ ማን እንደሆነ፣ ይህን ሁሉ ስክሪን በደንብ ያስተምራል። አመሰግናለሁ፣ ጥቅሙ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልግባ።

ሥራ ከጀመርኩ ዘጠኝ ወር ቢሆነኝ ነው። የት እንደሆነ አልናገርም። ያኔ ኦንላይን የሚባል ነገር በደንብ አልነበረም። ኮምፒውተር ክፍል አስገብተው የድንገተኛ ሕክምና ቪዲዮ አሳዩን፣ ከዚያ በጥያቄ ፈተኑን። 96 ከመቶ አመጣሁ። ወረቀቱን ቤቴ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩት። አትሳቁ፣ እናንተም ትሰቅላላችሁ።

የቀዶ ሕክምና ዋርድ ነው፣ አዳር ነኝ። የፈረቃው ኃላፊ ሲስተር ሌላ ዋርድ ተጠርታ ሄዳለች። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ በየአልጋው እዞራለሁ። አንድ ሰውዬ አለ፣ ቀን ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት ለሕመሙ ሞርፊን የተሰጠው። ያንኮራፋል። «ጎሽ፣ ይኸውና እንቅልፍ ወሰደው» ብዬ አለፍኩ። ሁለት አልጋ እንደተሻገርኩ ማንኮራፋቱ ቆመ። እስከ ዛሬ የሚገርመኝ ያ ዝምታ ነው። ያስደነገጠኝ ድምፅ ሳይሆን ዝምታ ነው።

ተመለስኩ። ከንፈሩ ጠቁሯል። ትንፋሹን ቆጠርኩ፣ በደቂቃ አምስት እንኳ አይሞላም። የልብ ምቱ አለ። ብጠራው፣ ብነቀንቀው አይሰማም። ምን እንደሆነ አውቄዋለሁ! ይህ በደንብ ይሰማችሁ። ሞርፊኑ ትንፋሹን እያዘገመው እንደሆነ አውቄዋለሁ። ምን እንደሚደረግም አውቃለሁ። ሰው ጠራሁ፣ ኦክስጅን ከፈትኩ፣ አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ በማስክ በኩል አየር የሚያስገባውን ከረጢት፣ አነሣሁ፣ ማስኩን ፊቱ ላይ አደረግሁና ጨመቅሁ።

ፍስስስ።

አየሩ በጉንጩ ጎን ወጣ። ደረቱ አልተነሣም። ማስኩን ወደ ታች አጥብቄ ተጫንኩት። ፍስስስ። የበለጠ ተጫንኩት። በተጫንኩት ቁጥር አገጩን ወደ ደረቱ እያጠፍኩት ነው፣ ምላሱ ወደ ኋላ እየሄደ ያንኑ የቀረችውን ቀዳዳ እየዘጋሁበት ነው። 96 ከመቶ ያመጣሁት እኔ፣ ሰውዬውን በገዛ እጄ እያፈንኩት ነበር።

ከጎረቤት ዋርድ አንዲት አንጋፋ ነርስ ሮጣ መጣች። እንደ እኔው ዝቅተኛው እርከን ላይ ያለች፣ ጡረታ ለመውጣት ጥቂት የቀራት ሴት ናት። አልተቆጣችም። ከኋላዬ መጥታ እጇን እጄ ላይ አደረገች። አውራ ጣቴንና ሌባ ጣቴን ማስኩ ላይ አስቀመጠቻቸው። የቀሩትን ሦስቱን ጣቶቼን መንጋጭላው አጥንት ሥር አስገባችና እንዲህ አለችኝ፦ «አንቺ ልጅ፣ ማስኩን ወደ ፊቱ አትጫኚ። ፊቱን ወደ ማስኩ አንሺው።»

ሦስት ጣት ብቻ ነው። አነሣሁት። ጨመቅሁት። ደረቱ ከፍ አለ።

ዕድሜ ልኬን ብዙ ነገር አይቻለሁ፣ እንደዚያ ደረት ከፍ ሲል ያማረ ነገር ግን አላየሁም። በየአምስት ስድስት ሰከንዱ አንድ ትንፋሽ እየሰጠን ቆየን። ሐኪሙ መጣ፣ የሞርፊን ማርከሻው ናሎክሶን ተሰጠው፣ ሰውዬው ዓይኑን ከፈተ። በማግስቱ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሲስተር፣ ቀዶ ሕክምናው ሆዴ ላይ ነው፣ መንጋጭላዬን ለምን ያመኛል?» ብሎ አማረረ። ይቅርታ አልጠየቅሁትም።

ታዲያ ያቺ ሴት የነገረችኝ ነገር ቪዲዮው ላይ አልነበረም? ነበር። ተመልሼ አየሁት። በሥዕል ጭምር ቁጭ ብሏል። እኔም አይቼዋለሁ፣ ጥያቄውንም በትክክል መልሻለሁ። ዓይኔ ያውቀዋል። ጣቶቼ ግን አያውቁትም ነበር። እጅ የራሱ ትምህርት ቤት አለው፣ በዓይን በኩል አይገባም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ? ያን ሌሊት እኔን የሆነብኝ እሱ ነው።

ይህ ደግሞ አዲስ ግኝት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1960 ኮወንሆቨን የተባለ የኤሌክትሪክ መሐንዲስና ሁለት የሥራ ባልደረቦቹ፣ ደረት ሳይከፈት ከውጭ በመግፋት ብቻ የቆመ ልብን ደም ማስረጨት እንደሚቻል ጽፈው አሳተሙ። ጽሑፋቸው ላይ «የሚያስፈልገው ሁለት እጅ ብቻ ነው» ይላል። ሁለት እጅ! ሁለት ዓይን አላሉም። በዚያው ዓመት ደግሞ ሌርዳል የተባለ ኖርዌያዊ አሻንጉሊት ሠሪ ከሐኪሞች ጋር ተማክሮ የሰው ቅርጽ ያለው የመለማመጃ አሻንጉሊት፣ ማኒኪን፣ ሠራ። ፊቷ በሴን ወንዝ ውስጥ ሰጥማ ሞተች ከሚባል የማትታወቅ ልጅ የፊት ቅርጽ የተወሰደ ነው። እናንተ «አን» ብላችሁ የምታውቋት ማኒኪን ማለት ናት። እስቲ አስቡት፣ ሲፒአር፣ ይህ ደረት እየገፉ ትንፋሽ እየሰጡ ሰው የማዳን ዘዴ፣ ራሱ ገና በተወለደበት ዓመት ሰዎቹ በሥዕል ብቻ እንደማይሆን ገብቷቸው አሻንጉሊት ሠሪ ዘንድ ሄደዋል። እኛ ዛሬ ከዚያ ወደ ኋላ ተመልሰናል።

የዓለም ጤና ድርጅትና የቀይ መስቀል ዓለም አቀፍ ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2018 መሠረታዊ የድንገተኛ ሕክምና ኮርስ ሲያወጡ፣ ጉዳትን፣ የመተንፈስ ችግርን፣ ሾክን፣ ማለትም የደም ዝውውር መዳከምን፣ እንዲሁም የንቃት መለወጥን ካስተማሩ በኋላ ሠልጣኙ በእጁ የሚለማመድባቸውን ክህሎቶች ለይተው አስቀምጠዋል። ያውም መሣሪያ ለሚያጥራቸው ቦታዎች ተብሎ የተዘጋጀ ኮርስ ነው። እንግዲህ «አቅም የለንም» የሚለውን መልስ ከወዲሁ አንሡት።

አሁን ወደሚያናድደኝ ነገር ደረስኩ።

አንድ ስብሰባ ላይ ተቀምጬ ነበር። የማን እንደሆነ ይቆይ። የድንገተኛ ሥልጠና በጀት እየተከፋፈለ ነው። ለሐኪሞቹ ሁለት ቀን ከማኒኪን ጋር ተያዘ። ለከፍተኛ ነርሶቹ አንድ ቀን ተያዘ። «ለኢንሮልድ ነርሶቹስ?» ብዬ ጠየቅሁ። አንዱ ቀና ሳይል «ለእነሱ ሊንኩ ይላክላቸው፣ ኦንላይኑ ይበቃቸዋል» አለ።

ይበቃቸዋል!

እስቲ ልጠይቃችሁ። ታካሚውን የሚያጥበው ማን ነው? የሚያገላብጠውስ? ሙቀቱን የሚለካው፣ ሌሊት በየአልጋው የሚዞረው፣ ማንኮራፋት ሲቆም የሚሰማው ማን ነው? እናንተ ናችሁ! ሰው ሲወድቅ መጀመሪያ የሚደርሰው የናንተ እጅ ነው። ልቡ የቆመ ሰው ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ሲፒአርና የልብ ምት ማስተካከያው የኤሌክትሪክ ንዝረት በዘገዩ ቁጥር፣ በእያንዳንዷ ደቂቃ የመትረፍ ዕድሉ ከመቶ ከ7 እስከ 10 ይቀንሳል። ስለዚህ መጀመሪያ ለሚደርሰው እጅ ትንሹን ሥልጠና ሰጥተን፣ ዘግይቶ ለሚመጣው እጅ ትልቁን ሰጠን ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ያወጣው ማን ነው?

ፀጉር ቆራጭ እንኳ በቪዲዮ ብቻ ተምሬያለሁ ቢላችሁ ወንበሩ ላይ ትቀመጣላችሁ? እኔ አልቀመጥም። ፀጉር ደግሞ ተመልሶ ይበቅላል።

ስማችንም ቢሆን ከመዝገብ የመጣ ነው። እንግሊዞች እ.ኤ.አ. በ1919 በወጣ ሕግ የነርሶች መዝገብ ከፈቱ። እ.ኤ.አ. በ1943 ደግሞ ለረዳት ነርሶች ሌላ መዝገብ ከፈቱ፣ ኢንሮልድ የሚለው ስም የወጣው ከዚያኛው ነው። አንዱ አገር በዚህ ስም ይጠራናል፣ ሌላው ረዳት ነርስ፣ ሌላው ፕራክቲካል ነርስ ይለናል። የሥራ ድርሻችን የተለያየ ነው፣ አልካድኩም። ከከፍተኛ ነርስ ቁጥጥር ሥር እንሠራለን፣ እሱንም አልጠላሁም። ግን ደረት አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ታች መገፋት ካለበት፣ በእኔ እጅ ሲሆን ሦስት ሴንቲ ሜትር ይበቃዋል?

እኔ ኦንላይኑ ይቅር አላልኩም። ንግግሬን ነገ አጣምሞ የሚያወራ ስለማይጠፋ ደግሜ እላለሁ፣ ይቅር አላልኩም። ኦንላይኑ ይቅደም፣ ንባቡና ቪዲዮው በስልክ ይለቅ። ከዚያ ግማሽ ቀን ስጡን። ግማሽ ቀን! አንድ አሠልጣኝ፣ ጥቂት ማኒኪን፣ አምቡ ባግ። ማስኩን ይያዙ፣ ይፍሰስባቸው፣ ይሳሳቱ፣ እጃቸው ላይ እጅ ይደረግላቸው። ሰርተፍኬቱ ከዚያ በኋላ ይታተም።

ሌሎች ሁለት ሦስት ነገሮች ጽፌ ነበር፣ ሰዓቱ ሄዷል መሰለኝ። አንዱ፣ ክህሎቱ ከሦስት እስከ ስድስት ወር ውስጥ እየደከመ ስለሚሄድ በየዋርዱ አንድ ማኒኪን ቢቀመጥና ሰው በየጊዜው አሥር ደቂቃ ቢለማመድ ጥሩ ነው። ሌላው፣ ሞጁሉ በሥራ ሰዓት ይታይ። ቪዲዮውን ከፍታችሁ ልብስ ስታጥቡ እንደነበር አውቃለሁ፣ አልፈርድም፣ እኔም አድርጌዋለሁ። በዕረፍት ቀን፣ በራስ ስልክ፣ በራስ ዳታ የተሰጠ ትምህርት እንደዚያ ነው የሚሆነው። ሦስተኛው ደግሞ ሐኪም ስትጠሩ በስልክ ምን ብላችሁ እንደምትናገሩ ነበር። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንዳያችሁ፣ ምን እንደምትፈልጉ፣ አጭር አድርጉት። እሱን ሌላ ቀን።

አሁን እባካችሁ ከኋላ ያላችሁ አንሶላውን ግለጡልኝ።

አዎ፣ ማኒኪን ናቸው። ተበድሬ ነው ያመጣኋቸው፣ እስከ ማታ መመለስ አለብኝ። የመድረክ እንግዶቻችን፣ በተለይ በጀት የምትፈርሙት፣ በክብር እጋብዛችኋለሁ። ቪዲዮውን ሁላችሁም እንዳያችሁት አስተባባሪዎቹ ነግረውኛል። ስለዚህ ከባድ አይሆንም። በደቂቃ ከ100 እስከ 120 ጊዜ፣ ጥልቀቱ ከአምስት እስከ ስድስት ሴንቲ ሜትር፣ በየግፊቱ መሀል ደረቱ ሙሉ በሙሉ ተመልሶ ይነሣ። ሰው ሳይቀያየር ሁለት ደቂቃ ብቻ። ኮታችሁን ብታወልቁ ይሻላል፣ ያልባችኋል።

ሲስተር፣ አንቺ ሰዓት ያዢልኝ። ተዘጋጅታችኋል? ጀምሩ።