ቃለ ጉባኤው ከውይይቱ በፊት አይጻፍ

የተከበራችሁ ወላጆች፣ መምህራን፣ ርእሳነ መምህራንና የተማሪ ተወካዮች፣

እንደምን አረፈዳችሁ።

የትምህርት ሥልጣን ከማዕከል ይውረድ የሚለው ሐሳብ ለአገራችን አዲስ አይደለም። የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ አመራሩ ያልተማከለ እንዲሆን ወሰነ። በ1987 የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 50 ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍ ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጥ አለ። ከ1994 ወዲህ በጀቱ በጥቅል ወደ ወረዳ መውረድ ጀመረ። ወረዳ የደረሰው ገንዘብ ግን አብዛኛው በደመወዝ ያልቃል። በትምህርት ቤት ደረጃ በእርግጥ የምንመክርበት በተማሪ ቁጥር ተሰልቶ የሚመጣው የትምህርት ቤት ድጎማ ነው። ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የእኛ ነው።

ከዓመታት በፊት በአንድ ትምህርት ቤት የወላጅና መምህራን ኅብረት ጸሐፊ ነበርኩ። አንድ ቀን የድጎማው ቃለ ጉባኤ ሳንወያይ ተጽፎ፣ ፊርማና ማኅተም ብቻ ቀርቶት መጣ። ሰብሳቢያችን አርሶ አደር ነበሩ። «ምን ላይ ነው የምፈርመው?» ብለው ጠየቁ። ያነበበላቸው የለም። ፈረሙ። እኔም ፈረምኩ፤ ዛሬም ይቆጨኛል። ገንዘቡ ለአጥር ዋለ። የልጃገረዶቹ መጸዳጃ ቤት በር አልነበረውም፤ የወር አበባ ሲመጣባቸው ከትምህርት ይቀሩ ነበር። አንዷን እንኳ ጠርተን ብንጠይቅ ኖሮ በሩ ከአጥሩ ይቀድም ነበር።

ሥልጣኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ፣ ክልልና ወረዳን አልፎ፣ ርእሰ መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ሲደርስ ቆመ ማለት ነው። ርእሰ መምህሩን ብቻ አልወቅስም። ሪፖርት የሚጠይቀው ወረዳው እንጂ ወላጁ አልነበረም፤ ሰው ደግሞ ወደሚጠይቀው ወገን ያያል። ወላጅ የሚጠራውስ መቼ ነው? መዋጮ ሲፈለግ።

በዜግነት ትምህርት ክፍለ ጊዜ ስለ ምርጫና ስለ ተጠያቂነት እናስተምራለን። የክፍል አለቃውን መምህሩ ከሾመው፣ የተማሪዎች ፓርላማም እንግዳ ሲመጣ ብቻ ከተሰበሰበ፣ ልጆቹ የሚያምኑት ያዩትን ነው።

ስለዚህ በዚህ ዓመት የድጎማው ዕቅድ ከመፈረሙ በፊት በጉባኤ ፊት፣ ቤተሰቡ በሚናገረው ቋንቋ፣ ጮክ ተብሎ ይነበብ። ስብሰባው በገበያ ቀን አይሁን፤ እናቶች እንዲመጡ። ወጪው በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ። ውይይቱ ሲከፈትም የመጀመሪያውን ቃል ለሴት ተማሪዎች ተወካይ እንስጥ።

አመሰግናለሁ።