ለሌላ ጆሮ ያልታሰበ መዝሙር

ጤና ይስጥልኝ፣ አድማጮቼ። ሰሞኑን ማታ ማታ የማዳምጠው እ.ኤ.አ. በ1909 በሸክላ የተቀረጸ የአራት ወንዶች መዝሙር አለ። ዘማሪዎቹ በአሜሪካ፣ በቴነሲ ግዛት፣ በናሽቪል ከተማ ከሚገኘው የፊስክ ዩኒቨርሲቲ የወጡ ናቸው። ዛሬ የማወራችሁ ግን ከእነርሱ በፊት በዚያው ትምህርት ቤት ስለነበሩት ዘጠኝ ወጣቶች ነው።

ፊስክ ከባርነት ነፃ ለወጡ ሰዎች በ1866 የተከፈተ ትምህርት ቤት ሲሆን፣ ብዙም ሳይቆይ ገንዘብ አጥቶ ሊዘጋ ደረሰ። የሒሳብ ሹሙና የዜማ መምህሩ ጆርጅ ዋይት በኦክቶበር 1871 አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ዘጠኝ ተማሪዎችን ይዞ ለልመና ይሁን ለኮንሰርት በማይለይ ጉዞ ወደ ሰሜን ተነሣ። መጀመሪያ ላይ በብዛት የሚዘምሩት ነጮቹ የለመዱትን ዜማ ነበር። የወላጆቻቸውን መዝሙር የሚያዜሙት በር ዘግተው፣ ለራሳቸው ብቻ ነበር፤ ፒያኖ ተጫዋቿ ኤላ ሼፐርድ ኋላ እንደተረከችው፣ እነዚያ መዝሙሮች ከባርነቱ ጨለማ ጋር የተያያዙና ለወላጆቻቸው የተቀደሱ ስለነበሩ ወደ አደባባይ ማውጣቱ ከብዷቸው ነበር።

ታሪኩ ብዙ ጊዜ የሚነገረው በድል በኩል ነው፤ በ1873 በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት መዘመራቸው፣ ባገኙት ገንዘብም በፊስክ ጁቢሊ አዳራሽ የተባለው ሕንፃ መሠራቱ ይወሳል። እኔን የሚይዘኝ ግን ያ ማመንታት ነው። በዚያ ዘመን የአሜሪካ መድረክ ስለ ጥቁር ሰው የሚተርከው ፊቱን በጥላሸት በቀባ ነጭ ተዋናይ አማካይነት ነበርና፣ መሳቅ በለመደ ተመልካች ፊት የእናትን ጸሎት ማቅረብ ምን ያህል እንደሚያስፈራ አስቡት። ከባርነት ያመለጠው ጸሐፊ ፍሬድሪክ ዳግላስም በ1845 ባሳተመው የሕይወት ታሪኩ፣ የባሮችን ዜማ የደስታቸው ምልክት አድርገው የሚያወሩ ሰዎችን በሰሜን ማግኘቱ እጅግ እንዳስገረመው ጽፏል።

ወጣቶቹ ጉዞ በጀመሩበት በ1871፣ በኖቬምበር ወር፣ በኦሃዮ ግዛት ኦበርሊን ከተማ ላይ፣ ለቀሳውስት ጉባኤ «ስቲል አዌይ»ን ዘመሩ። «ሹልክ ብሎ መሄድ» እንደማለት ነው፤ ሰሙ ወደ ኢየሱስ መሸሽ ሲሆን፣ ወርቁ ለምስጢር ጸሎት ወይም ለማምለጥ የሚሰጥ ምልክት እንደነበር ይነገራል። በዝግታ ጀመሩት፤ ጉባኤውም ጸጥ አለ። ከዚያ በኋላ የወላጆቻቸው መዝሙር የዝግጅታቸው ዋና ክፍል ሆነ።

ሴት አያቴ ጥጥ ስትፈትል ታንጎራጉር ነበር፤ ሰው ሲገባ ግን ታቋርጣለች። አንድ ቀን ከበር ጀርባ ቆሜ በቴፕ ልቀዳት ሞከርኩ። ካሴቱ ላይ የቀረው እንዝርቷን ስታስቀምጥ የተሰማው ድምፅና «ምሳ በላህ ወይ?» የሚለው ጥያቄዋ ብቻ ነው። የ1909ኙንም ሸክላ የማዳምጠው ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው።